ለኩሊባሊ የተሰጠ ሰላምታ

ጠላቴ አፌ ነው። ሌላ ጠላት የለኝም። ፓሪስ አጠገብ ባለችው ሞንትሩይ አሥራ ሦስት ዓመት ስኖር ፖሊስ አስቁሞኝ አያውቅም፤ ከጎረቤትም ተጣልቼ አላውቅም፣ ከአንዷ በቀር፣ እሷ ደግሞ ይገባታል። በአረጋውያን መጦሪያው የልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ በማጠፍ የሚስተካከለኝ የለም። ይህን ሁሉ በወረቀት አስመስክሬ፣ በሁለት ወፋፍራም ክላሰሮች ጠርዤ፣ ዜግነት ይሰጠኝ ብዬ ካስገባሁ ከአንድ ዓመት በኋላ ደብዳቤ መጣ። ጃንዋሪ አሥራ ስድስት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ለቃለ መጠይቅ ይቅረቡ ይላል። ከታች ስሜ ተጽፏል፣ ሲታን ኬይታ።

ደብዳቤውን እንደያዝኩ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ለራሴ ቢሆን ያን ያህል ባልፈራሁ። እኔ በመኖሪያ ካርዴ ጡረታ እስክወጣ ድረስ አንሶላ ማጠፍ እችላለሁ። ፍርሃቴ ለልጄ ለኒዬሌ ነው። አባቷ አገር ቤት፣ ሴጉ ውስጥ ሲሞት ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ያኔ ነው ያስመጣኋት። ኖቬምበር ሦስት ቀን አሥራ ስምንት ይሞላታል። ከዚያ ቀን በፊት የኔ ዜግነት ከተፈረመ፣ አብራኝ የምትኖር ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጄ ስለሆነች እሷም አብራኝ ፈረንሳዊት ትሆናለች። አንድ ቀን ካለፈ ግን ለብቻዋ፣ ከመጀመሪያው ገጽ ትጀምራለች። ተማሪ ናት፤ ደመወዝ የላትም። ደመወዝ የሌለውን ሰው ደግሞ ሄደህ ቆይተህ ና ነው የሚሉት።

ኒዬሌ መቆየት አትችልም። አሥራ ሁለት ዓመቷ ላይ ከኛ ሕንፃ ማዶ እሳት ተነሥቶ፣ አንዲት ሴት እሳት አጥፊ በመሰላል ወጥታ አንድ ሽማግሌ በትከሻዋ ተሸክማ ስትወርድ አየች። ከዚያ ወዲያ ሌላ ወሬ የለም። ጠዋት ጠዋት ደረጃውን ስምንት ፎቅ፣ በጀርባዋ የውኃ ጠርሙሶች ተሸክማ ትሮጣለች፤ ጎረቤቶች አብዳለች ይላሉ። የፓሪስ እሳት አጥፊዎች ጓድ የሚቀበለው ዜጋ ብቻ ነው። ለፈተናው የምትመዘገብበት ፎርም ሁሉ ተሞልቶ ጠረጴዛዋ ላይ አለ፤ ዜግነት የሚለው መስመር ብቻ ባዶ ነው።

ስለዚህ ዝግጅት ተጀመረ። ኒዬሌ ሹመኛ ሆነች፤ እኔ ተጠያቂ። የፀጉር ማበጠሪያዋን እንደ እስክሪብቶ ይዛ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ማዶ ትቀመጣለች።

«ማዳም ኬይታ፣ የሪፐብሊኩ መሪ ቃል ምንድን ነው?»

«ነጻነት፣ እኩልነት፣ ወንድማማችነት።»

«ልጅዎ ሙስሊም ያልሆነ ሰው ላግባ ብትልዎ ምን ይላሉ?»

«ቢያንስ ሳህን የሚያጥብ ይሁን እላለሁ።»

ማበጠሪያውን ጠረጴዛው ላይ መታችው። «እማ። ቀልድ የለም ብዬሻለሁ። ጠያቂዋ ለመሳቅ አይደለም እዚያ የምትቀመጠው።»

«ሳህን ማጠብ ቀልድ ነው እንዴ?»

«ምርጫዋን አከብራለሁ። እንዲህ ነው መልሱ። በይው።»

«ምርጫዋን አከብራለሁ። ሳህኑን ግን...»

«እማ!»

በዚህ ላይ ፋሙሳ ነበር። ፋሙሳ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖር የአገሬ ሰው ነው፤ ዜግነት ካገኘ ሁለት ዓመቱ ስለሆነ ራሱን የጉዳዩ ጠበቃ አድርጓል። እየመጣ ሻዩን በአራት ስኳር ይጠጣና ያስፈራራናል። አንዱ የወንዝ ስም ተሳስቶ ተባረረ ይላል። አንዷ ደግሞ መሬት መሬት ስታይ «ከማኅበረሰቡ ጋር አልተዋሐደችም» ተብሎ ተጻፈባት ይላል።

«ሲታን፣ ዓይን ዓይኗን እያየሽ ተናገሪ» አለኝ። «እንደ አገር ቤት አንገትሽን ደፍተሽ አክብሮት ላሳይ ብትዪ፣ የምትደብቀው ነገር አላት ይሉሻል። አንድ ጊዜ ያን ቃል ከጻፉብሽ አለቀ። ቢያንስ ሁለት ዓመት ያቆዩሻል።»

ሁለት ዓመት ሲል ኒዬሌን አየኋት። ማበጠሪያዋን እያገላበጠች ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ለሠርግ የምለብሰውን ትቼ ግራጫ ኮት ለበስኩ። ክላሰሮቹን አቅፌ፣ ከቀጠሮው አንድ ሰዓት ቀድሜ መሥሪያ ቤቱ ደረስኩ። ጥበቃው ቦርሳዬን ፈትሾ አስገባኝ፤ ቁጥር ሰጡኝ፤ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ የነገሥታት ስም በቅደም ተከተል ያነበንባል። እኔ ያጠናሁት በሙሉ ጠፋኝ። ነጻነት የሚለውን አስታውሳለሁ፤ ከሱ ቀጥሎ ያለው የለም። ወጥቼ ልሂድ፣ አመመኝ ልበል ብዬ ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ።

በሩ ተከፈተና ስሜ ተጠራ።

የጠራችኝ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆናት ጠይም ሴት ናት፤ መነጽር አድርጋለች፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ አጥብቃ አስራለች። እጇን ዘረጋችልኝ።

«እንኳን ደህና መጡ ማዳም ኬይታ። ቃለ መጠይቁን የማደርግልዎት እኔ ነኝ። ኩሊባሊ እባላለሁ።»

እዚህ ላይ ምን እንደነካኝ ሰው እንዲረዳልኝ እፈልጋለሁ። ኬይታ ሆኜ ነው የተወለድኩት። ኬይታና ኩሊባሊ ከቅድመ አያቶቻችን ጀምሮ የስድብ ዘመዳሞች ነን። ገበያ ላይ የማላውቀው ኩሊባሊ ቢያጋጥመኝ ደህና አደርክ አልለውም፤ ቦሎቄ በሊታ ነው የምለው። እሱም መልሶ ይሰድበኛል። ከዚያ በኋላ ዘመድ ነን፤ ቤቱ ገብቼ ድስት መክፈት እችላለሁ። ያን ሁሉ ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ፣ ያን ሁሉ ወር ጨካኝ የማላውቃት ሴት ስጠብቅ ኖሬ፣ ከበሩ ኩሊባሊ ስትወጣ ፍርሃቴ ባንዴ ለቀቀኝ። ፍርሃቱ ሲለቀኝ አፌም አብሮ ተለቀቀ።

«ኧረ አንቺ ቦሎቄ በሊታ!» አልኳት። «የኛን ገረድ እዚህ ማን ወንበር ላይ አስቀመጣት?»

በፈረንሳይኛ ነው የተናገርኩት። ያውም አንቺ ብዬ።

እጇ እጄ ውስጥ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብላ አወጣችው። ፊቷ ላይ የጠበቅሁት ነገር አልመጣም፤ ሳቅ የለም፣ መልስ የለም። ከጎን ያለው ክፍል በር ክፍት ነበርና አንድ ወፍራም ባልደረባዋ አንገቱን ብቅ አደረገ።

«ችግር አለ?» አላት።

«የለም» አለችው። ከዚያ ወደኔ ዞረች። «ይግቡ፣ ማዳም።»

ገባሁ። ልጅቷ አገራችንን የማታውቅ፣ እዚሁ የተወለደች መሆኗ ያኔ ነው የገባኝ፤ አነጋገሯ የፈረንሳይ ሰሜን ምዕራብ ዳርቻ ሰዎች አነጋገር ነበር፣ ስሟ ብቻ የኛ። ገረድ ያልኩት የፈረንሳይን መንግሥት ነው። በሥራ ላይ ያለ ሹም መስደብ እንደሚያስከስስ ከኒዬሌ ጋር ያጠናነው መጽሐፍ ውስጥ አለ፤ ገጹን ሁሉ አስታወስኩት።

ተቀመጠችና ኮምፒውተሯ ላይ ጻፈች። ረጅም ነገር ጻፈች። አንድም ጥያቄ ሳትጠይቀኝ ምን ነበር የምትጽፈው? ጣቶቿን እያየሁ ፊደሎቹን ለመቁጠር ሞከርኩ። ይቅርታ ልል አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣም። አፌ የሚታዘዘኝ ሲያዋርደኝ ብቻ ነው።

ከዚያ ጥያቄው ተጀመረ። የት ነው የሚሠሩት፣ ከማን ጋር ይኖራሉ፣ ከሥራ ውጭ ምን ያደርጋሉ። መለስኩ። ወንዞቹን ጠራሁ፤ አንዱን ሁለት ጊዜ ጠራሁት። ልጄን በሚመለከተው ጥያቄ ላይ ምርጫዋን አከብራለሁ አልኩ፤ ስለ ሳህን ትንፍሽ አላልኩም። ቀና ብላ አታየኝም። እኔ ግን ፋሙሳ እንዳለኝ ዓይኔን ሳልነቅል አያታለሁ፤ ዓይኔ እስኪያነባ።

«እኩልነት ለእርስዎ ምን ማለት ነው?» አለችኝ።

«ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው። በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በፆታው አይለይም።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ያን ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ።

«ታዲያ በር ላይ ገረዳችን ያሉኝ ከዚህ ጋር እንዴት ይሄዳል? ልረዳው እፈልጋለሁ። መጻፍ አለብኝና።»

መጻፍ አለብኝ። ኒዬሌ በጀርባዋ ጠርሙስ ተሸክማ ደረጃ ስትወጣ ታየችኝ። ስምንት ፎቅ፣ በየጠዋቱ፣ ለምንም።

«ማዳም፣ ስድብ አይደለም» አልኳት። «ስድብ ነው፣ ግን ስድብ አይደለም። ይህን ለማንም አልልም። ለኩሊባሊ ብቻ ነው። እርስዎ ደግሞ መልሰው ይሉኛል። እኔ ገረድ ስልዎት እርስዎም ገረድ ይሉኛል፣ ሁለታችንም እመቤት እንሆናለን። ማንም ከማንም አይበልጥም ለማለት ነው። ሳይመልሱልኝ ሲቀሩ ነው ስድብ የሚሆነው።»

«እኔ አልመለስኩም።»

«አዎ» አልኩ። «ስለዚህ ሰድቤዎታለሁ። ይቅርታ።»

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ግን ስፈራ ዝም ማለት አልችልም፤ ስለዚህ ቀጠልኩ። አባቴ የሞተ ቀን ሰው ሁሉ ሲያለቅስ አንዲት የኩሊባሊ ሴት መጥታ እሱ ምንጣፍ ላይ እንደተኛች ነገርኳት። እንደሱ እያሳለች፣ እንደሱ እያጉረመረመች፣ ትንባሆዬን ማን ወሰደው ስትል እናቴ እንባዋን ሳትጠርግ እንደሳቀች። ሌሎች ኩሊባሊዎችም ለቀብሩ መጥተው፣ አሁን ደግሞ ሥራ ጠልተህ ተኛህ እያሉ ሬሳውን ሲሰድቡት እንደዋሉ። ሐዘኑ ሰው እንዳይገድል ነው፤ ዘመድ ያለቅሳል፣ የስድብ ዘመድ ያስቃል።

«ጉድጓዱ ጋ ይመጣሉ?» አለችኝ።

አጠያየቋ ተለውጦ ነበር። ይባስ ፈራሁ።

«አንዳንዱ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። አልወጣም ይላል።»

መነጽሯን አወለቀች። ከጎን ያለው በር አሁንም ክፍት ነበር፤ ተነሥታ ዘጋችው።

«አባቴ ሲቀበር አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር» አለች። «እዚሁ ነው፣ ከትልቁ መንገድ ማዶ ባለው የሙስሊሞች መቃብር። እናቴ የአገር ቤት ሰው አታውቅም፤ የሰሜን ምዕራቡ የብሪታኒ ልጅ ናት። ስንቀብር አንድ የማናውቀው ሽማግሌ መጣ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ ብሎ እግሩን ወደ ውስጥ ሰደደና አባቴን በስሙ ጠርቶ፣ ‹ዛን፣ ቦሎቄው አለቀ ብለህ ነው የምትሄደው? ተነሣ፣ አንተ ሰነፍ› አለ። እየሳቀ።»

አፌን በእጄ ያዝኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ በዕድሜዬ።

«እኔ ነኝ ያስወጣሁት» አለች። «በጃኬቱ ጎትቼ። ጮኽኩበት። ሌሎቹ ወንዶች ሊነግሩኝ ሞክረው ነበር መሰለኝ፤ አልሰማሁም። ሽማግሌው ባርኔጣውን አንሥቶ ሄደ። በሩ ጋ ሲደርስ ያለቅስ ነበር። ዕድሜ ልኬን ሰካራም ነው ስል ኖርኩ።»

«ኬይታ ነበር?»

«ስሙን አልጠየቅሁትም።»

መነጽሯን መልሳ አደረገች። ትንሽ ከጻፈች በኋላ ወረቀቱን አትማ ሰጠችኝ። «ያንብቡትና ይፈርሙ» አለች፤ ድምፅዋ እንደገና የሹም ድምፅ ነበር።

ፈረንሳይኛ ማንበብ ይከብደኛል፤ በጣቴ እየተከተልኩ ነው የማነብበው። ስድብ የሚለውን ቃል ፈለግሁ። ገረድ የሚለውን ፈለግሁ። የመጀመሪያውን መስመር ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «ተጠያቂዋ ስትገባ በአገሯ ልማድ መሠረት ሰላምታ ሰጥታኛለች» ይላል። ከታች ደግሞ፣ «እኩልነትን በራሷ ምሳሌ አስረድታለች።»

«የተሳሳተ ነገር አለው?» አለችኝ።

«የለውም» አልኩና ፈረምኩ። ፊርማዬ የሌላ ሰው ፊርማ መሰለ።

በሩን ልትከፍትልኝ ስትል እጇን መያዣው ላይ አድርጋ ቆመች። «ምን ብዬ ነበር መመለስ የነበረብኝ?» አለች በቀስታ። «ለሽማግሌው።»

«ድስቱን የላስከው አንተ ነህ፣ የኛ አሽከር፣ ይባላል» አልኳት፣ እኔም በቀስታ።

ራሷን ነቀነቀችና በሩን ከፈተች። ባልደረባዋ መተላለፊያው ላይ ቆሞ ነበር። «መልካም ቀን፣ ማዳም ኬይታ» አለችኝ።

ቤት ስደርስ ሁሉንም ለኒዬሌ ነገርኳት፤ መዋሸት አልችልበትም። ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ቆማ ሰማችኝና «ሹሟን ገረድ አልሻት» አለች። ፎርሞቿን ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ መሳቢያ ውስጥ ከተተቻቸው። መሮጧን ግን አልተወችም። ጠዋት ጠዋት የጠርሙሶቹን ድምፅ ከደረጃው እየሰማሁ አልጋዬ ላይ እንደነቃሁ እቆያለሁ።

ፋሙሳ ደግሞ ያችኑ ትንሽ ተስፋዬን አጠፋት። «የሚያስፈርሙሽ አንድ ወረቀት ነው» አለ፣ አራተኛውን ስኳር እየጨመረ። «ከዚያ አስተያየት የሚጽፉበት ሌላ ወረቀት አለ። እሱን አንቺ አታይውም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ሌላ ወረቀት እንቅልፌ ውስጥ አነብበው ጀመር። አንዳንድ ቀን ሴትየዋን አምናታለሁ፤ መነጽሯን ስታወልቅ ያየሁት ፊት ሊዋሽ አይችልም እላለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ፣ የአባቷን ቀብር ትዝታ ቀስቅሼባት ሳለ ለምን ትራራልኛለች እላለሁ። ማርች አለፈ። ጁን አለፈ። የፖስታ ሳጥኑን በቀን ሦስት ጊዜ ስከፍት ቁልፉ ተጣመመ። ሴፕቴምበር ላይ ኒዬሌ ለልደቷ ምን እንደምትፈልግ ስጠይቃት፣ «እንዳይደርስ» አለችኝ። ማጠቢያ ክፍሉ ገብቼ፣ ሦስቱም ማሽኖች ሲዞሩ ማንም እንደማይሰማኝ አውቄ አለቀስኩ።

ኦክቶበር ሃያ ሁለት፣ ሐሙስ፣ የማጠቢያ ክፍሉ በር ተበረገደ። ኒዬሌ ናት፣ በትምህርት ሰዓት። ክፉ ወሬ መሰለኝ፤ ያጠፍኩት አንሶላ ከእጄ ወደቀ። ስልኳን ወደ ፊቴ አቀረበችው። በመንግሥት ጋዜጣ የወጣ፣ ዜግነት ያገኙ ሰዎች ረጅም የስም ዝርዝር ነው። በጣቷ አሳየችኝ፤ ኬይታ፣ ሲታን። ከስሜ በታች፣ በኔ ጥላ ሥር፣ ኒዬሌ። አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶን ነበር። መሬቱ ላይ፣ አንሶላው ላይ ተቀመጥን።

ሹሟን ማመስገን ፈለግሁ። ፋሙሳ ጮኸብኝ። «ለሹም ብስኩት እንኳ ብትወስጂ ወንጀል ነው፤ ወረቀትሽን ሊነጥቁሽ ነው የምትፈልጊው?» አለ። እዚህ ላይ ልክ ነው። ስለዚህ ምንም የማያስከስስ ምስጋና አሰብኩ። እሑድ ጠዋት ቦሎቄ በፓልም ዘይትና በሽንኩርት ሠራሁ፤ ድስቱን በጨርቅ ጠቅልዬ ኒዬሌን ነይ አልኳት።

ከትልቁ መንገድ ማዶ ያለው የሙስሊሞች መቃብር ጠባቂ መዝገብ አገላብጦ የሹሟ አባት ያለበትን መስመር ነገረን። ዛን ኩሊባሊ፤ ግራጫ ድንጋይ፣ ሣሩ የታጨደ። ሁለት መቃብር አለፍ ብሎ አንድ ቤተሰብ ቆሞ ይጸልያል። ጠባቂው ከበሩ ያየናል። ጃንዋሪ ላይ የያዘኝ ፍርሃት ተመልሶ መጣ። እኛንም በጃኬታችን ጎትተው ቢያስወጡን? ትናንት ዜጋ፣ ዛሬ መቃብር ላይ የምትሳደብ እብድ።

ድስቱን ድንጋዩ አጠገብ አስቀምጬ ክዳኑን ከፈትኩት። እንፋሎቱ ወጣ።

«ዛን» አልኩት። «አንተ ሰነፍ። ይህን ሁሉ ዓመት ተኝተህ ቀረህ? ቦሎቄው እየቀዘቀዘ ነው። ተነሣ፣ የኛ አሽከር።»

የሚጸልዩት ሰዎች ዞር ብለው አዩን። ጠበቅሁ። መልስ የሚሰጥልኝ ኩሊባሊ የለም፤ መልስ ከሌለ ደግሞ ስድብ ብቻ ነው የሚሆነው። ክዳኑን ልመልስ ጎንበስ አልኩ።

ያን ጊዜ ኒዬሌ፣ ቀልድ የለም ያለችኝ ልጄ፣ ድንጋዩ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ወገቧን አጎበጠች። እንደ ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ሳለች።

«ድስቱን የላስሽው አንቺ ነሽ፣ የኛ ገረድ» አለችኝ በወፍራም ድምፅ። «ለኔ ማንኪያ እንኳ አላመጣሽም።»